የስደተኛ ልጅ ቤተሰብ ታሪክ ስትጽፉ ዕቃዎቹን ሥራ ስጧቸው

ስለ ስደተኛ ቤተሰብ በሚጻፉ ታሪኮች ውስጥ የማይጠፉ ዕቃዎች አሉ። የዛገ ቁልፍ፣ ጥጉ የተቀደደ ፎቶ፣ በጨርቅ የተቋጠረ አፈር፣ አንድ ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት። እናት ዕቃውን ታወጣለች፣ ታቅፈዋለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትከተዋለች። አንባቢውም «እሺ፣ ናፍቆት ነው» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

ዕቃው አንባቢውን ያልነካው ሥራ ስላልተሰጠው ነው። በሰምና ወርቅ ሰሙ ራሱን ችሎ ትርጉም ይሰጣል፤ ወርቁ የሚወጣው ከሱ ሥር ነው። ትእምርት፣ ማለትም ትርጉም የተሸከመ ምልክት፣ እንዲሆን የምትፈልጉት ዕቃም መጀመሪያ ተራ ዕቃ ሆኖ መቆም አለበት። ይቀዳበት፣ ይለካበት፣ ይታሰርበት፣ ሰው ይጣላበት። ትርጉሙ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለአጭር ልብወለድም፣ ለረጅምም፣ ለልጆች መጽሐፍም ይሆናል። በቅደም ተከተል ብትሄዱበት ይሻላል። በተለይ የመጀመሪያውን እርምጃ አትዝለሉት።

1. ቤተሰቡ ከቤቱ እንዴት እንደወጣ ወስኑ

ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት አወጣጡን እወቁ። በሌሊት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው? ወይስ ሳምንታት ተዘጋጅተው፣ የቤት ዕቃ ሸጠው? በእግር፣ በጭነት መኪና ወይስ በጀልባ? ጨቅላ ልጅ አለ? የሚደገፍ አዛውንት አለ? በእግር የሚሄድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ልጆች ከታዘሉ ትልቅ የፎቶ አልበም የሚሸከም እጅ አይኖርም። ያን አልበም ታሪኩ ውስጥ ካስገባችሁት ተሸካሚው ማን እንደሆነ መንገር አለባችሁ። «ምን ጥሎ አልበሙን ያዘ?» የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይከተላል። ለነገሩ ጥሩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ዕቃውን የሚመርጠው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪነሳ ድረስ 10,000 ያህል ሕፃናት፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ ከናዚ አገዛዝ አምልጠው ያለ ወላጆቻቸው ወደ ብሪታንያ ተወስደዋል። ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ትንሽ ሻንጣ ነበር። ውድ ዕቃ ክልክል ነው። ገንዘብ ከ10 ማርክ አይበልጥም። አንገታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠላል።

እስቲ ያን ሻንጣ የምታዘጋጅ እናት አስቡ። ደብዳቤ እያነባች ብታለቅስ የለመድነው ነው። ግን ልጇ አሁን የሚለብሰውን ሹራብ ትታ ሁለት ቁጥር የሚሰፋውን ብትከትስ? ምንም አልተናገረችም። አንባቢው ግን ቶሎ እንደማትከተለው ማወቋን ተረዳ። ሹራቡ ሹራብ ነው፤ ይለበሳል። ለልጁ ልክ የሚሆንበት ቀን ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

2. ዕቃውን ከእጅ አጠገብ ፈልጉ

እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር የጀመረው ሥራ ነበር። ከሱዳን ወደ ደቡብ ሱዳን የሸሹ ሰዎች «ይዘህ ከመጣኸው ሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ዕቃቸውን ይዘውም ፎቶ ተነሱ። ሰዎቹ ያሳዩት የመንገድ ውኃ የተቀዳበት ጀሪካን፣ ምግብ የበሰለበት ድስት እና የመሳሰሉትን ነው። አንዲት እናት የያዘችው ረጅም እንጨት ነበር። ጫፎቹ ላይ ቅርጫት አንጠልጥላ ልጆቿን የተሸከመችበት ነው።

ከዚህ ብዙ ትማራላችሁ። በእንጨቱ ላይ ልጆች ታዝለውበታል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እናንተም ወረቀት አውጡና ቤተሰቡ በወጣበት ሰዓት በእጃቸው፣ በኪሳቸው፣ በአንገታቸውና በምድጃው አጠገብ የነበረውን ሁሉ ዘርዝሩ። ዝርዝሩ ሃያ ዕቃ ይሙላ። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን ሰርዟቸው፤ እነሱ ከሌሎች መጻሕፍት የመጡ ናቸው። መጨረሻ ላይ የጻፋችኋቸውን ግራ የሚያጋቡ ዕቃዎች በደንብ እዩ። ልጁ በድንጋጤ ይዞት የወጣው የቴሌቪዥን ሪሞት። ስልኩ ቤት የቀረ ቻርጀር። እንዲህ ያለ ዕቃ ያስቃል። በኋላ ደግሞ ያሳዝናል፤ ቴሌቪዥኑ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት እንበል። የወጡት ደንበኛ እየለካች ሳለች ነው። ሜትሩ፣ ያ ጥቅልል የሚለው ባለ 150 ሳንቲ ሜትር፣ አንገቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አልመረጠችውም። ታሪኩን የምትነግረን የስምንት ዓመት ልጇ ናት። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ወንድም አላት። አባትም አብሯቸው አለ።

3. አንድ ዕቃ፣ ብዙ ባለቤት

ቤተሰቡ በሙሉ ለዕቃው አንድ ዓይነት ስሜት ካለው ዕቃው ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ለየብቻ ጻፉ። ስሜቱን ተዉትና ድርጊቱን ጻፉ፦ ይነካዋል ወይ? የት ያስቀምጠዋል? ማን እንዲነካው አይፈልግም?

በእኛ ምሳሌ እናት ሜትሩን ከአንገቷ አታወርድም። ስትተኛም አብሯት ነው። አሁንም ባለሙያ ነኝ ማለቷ ነው፤ በአፏ ግን አትለውም። አባት ጨርሶ አይነካውም። ሥራው ቀርቷል፤ የሚስቱ መሣሪያ ግን መንገዱን አብሯቸው ተሻግሯል። ልጅቷ ትጫወትበታለች፤ አንዴ እባብ፣ አንዴ ገመድ፣ አንዴ የሁለት አገር ድንበር ይሆናል። ሕፃኑ ጫፉን ያኝከዋል። አራት ሰዎች፣ አራት የተለያዩ ጉዳዮች። ወደፊት የሚጋጩትም በእነዚህ ነው።

የአባትን ዝምታ ልብ በሉ። ሜትሩን ነክቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሜትሩ የማያውቀው ነገር ይኖራል። በኋላ እንመለስበታለን።

4. የልጅ ዕቃ የአዋቂ ዕቃ አይደለም

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ጋ ይሳሳታል። የሰባት ዓመት ልጅ አሻንጉሊቷን እያየች «የተውነው ቤቴ» ብላ አታስብም። እንደዚያ የሚያስበው ጸሐፊው ነው።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት በጦርነቱ ጊዜ ከከተማ ወጥተው በገጠር ከተጠለሉ ልጆች ጋር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ትንንሽ ልጆች የሙጥኝ ስለሚሏቸው ዕቃዎች፣ ስለ ብርድ ልብስ ጫፍ፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ አሻንጉሊት፣ ያቀረበው ጽሑፍ እስካሁን ይጠቀሳል። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ለጸሐፊ ወርቅ ነው። ዕቃውን የሚመርጠው ልጁ ራሱ ነው። ልጁ ካልለወጠው በቀር መለወጥ የለበትም። ሊቆሽሽና ሊሸት ይችላል። እናት ብታጥበው እንኳ ለልጁ የሆነ ነገር ይቋረጥበታል።

ይህን ይዛችሁ ወደ መጠለያ ጣቢያ ግቡ። አንዲት ደግ ሠራተኛ የልጁን የቆሸሸ ጨርቅ ወስዳ በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ትመልሳለች። ልጁ አሽትቶ ይወረውረዋል። ሁሉም «ምን ነካው?» ይላሉ። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ግን ከቤት የመጣው የመጨረሻ ሽታ ሄዷል። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ታሪኩ ውስጥ እንዳትጽፉት። እኔ እዚህ የጻፍኩት ለማስረዳት ነው።

ተራኪው ልጅ ከሆነ አንድ ሕግ ያዙ፦ ልጁ ዕቃው የሚያደርገውን ይናገር፣ ትርጉሙን ለአንባቢ ይተው። ሲያድግ ወደኋላ እያየ የሚተርክ ከሆነ ትንሽ ነፃነት አላችሁ። ያኔም ቆጠብ በሉ።

5. በመጣ ቁጥር ሥራው ይለወጥ

ዋናው እርምጃ ይህ ነው። ዕቃው በታሪኩ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይምጣ፤ በመጣ ቁጥርም የተለየ ሥራ ይሥራ። ተመሳሳይ ሥራ ሁለቴ ከሠራ አንዱን ሰርዙ። ሜትራችንን እንከተለው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው። እናት ደንበኛ ትለካለች፣ ቁጥር ትጠራለች፣ ልጅቷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በቃ። እዚህ ምንም ጥላ እንዳታጠሉበት። አንባቢው ሜትሩን እንደ ሜትር ይወቀው፤ ልጅቷ ቁጥር እንደምትችልም ይወቅ።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሲሳፈሩ የሜትሩ ጫፍ የጭነት መኪናው በር ላይ ተይዞ ይበጠሳል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳንቲ ሜትሮች እዚያው ቀሩ። እናት ለልጇ ሳቅ ብላ «እንግዲህ ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ» ትላታለች። አባት ከፊት ነው፤ አልሰማም። አሁን ዕቃው ጉድለት አለው። ጉድለቱም ደንብ አለው፤ ደንቡን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሜካኒካል ነገር ከአሥር ገጽ ትዝታ ይበልጣል።

ሦስተኛው መጠለያ ጣቢያው ውስጥ ነው፤ እዚህ ትንሽ ይሳቅ። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሸራ ሥር ቦታ ይካፈላሉ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያድለው ሸራ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። እናት በሜትሯ ታካፍላለች። ሜትሩ ሦስቴ ሲዘረጋ ጉድለቱ 21 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጎረቤቲቱ በእርምጃ ትለካና «ተበላሁ!» ትላለች። ጭቅጭቁ ሰፋ ያለ ትዕይንት ይገባዋል። ስደት ላይ ያለ ሰው ይቀልዳል፣ ይጨቃጨቃል፣ ለ21 ሳንቲ ሜትር ይኳረፋል። ሁልጊዜ የሚያዝን ስደተኛ የሚኖረው በመጥፎ ድርሰት ውስጥ ነው።

አራተኛው ከባዱ ነው። የጤና ሠራተኞች ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ልጆችን የምግብ እጥረት የሚለዩት በክንድ መለኪያ ነው። ባለ ሦስት ቀለም ጠባብ ጥብጣብ የላይኛው ክንድ መሐል ላይ ይጠመጠማል። ከ12.5 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቀይ ማለት አጣዳፊ የከፋ የምግብ እጥረት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትለካ የኖረች ሴት አሁን የሷ ልጅ ሲለካ ቆማ ታያለች። የሕፃኑ ክንድ ቢጫው ላይ ደረሰ፤ ተመዘገበ፤ ሄዱ። ቀናት አለፉ። ልጅቷ ትቀጥልልናለች፦

«ማታ እናቴ ሜትሯን አውርዳ የወንድሜን ክንድ ለካች። ‹አሥራ ስምንት› አለች ለአባቴ። አባቴ ‹ተመስገን› ብሎ ዞሮ ተኛ። እኔ በልቤ ሰባት ቀነስኩ።»

አሁን ይህን ብዙ ጊዜ ከሚጻፈው ዓይነት ጋር አስተያዩት፦

«እናቴ ሜትሯን ደረቷ ላይ አስጠግታ አለቀሰች። ያ ሜትር ያጣነውን ቤትና ያጣነውን ሰላም ሁሉ ያስታውሳት ነበር።»

ሁለተኛው ጸሐፊ ሁሉንም ነገረን፤ እኛም የምንሠራው አጣን። በመጀመሪያው ግን አንባቢው ራሱ ሰባት ይቀንሳል። አሥራ አንድ። ቀለሙንም ያውቀዋል። እናት መዋሸቷን፣ አባት መታለሉን፣ የስምንት ዓመት ልጅ የቤቱን ምሥጢር መሸከሟን ማንም አልነገረውም። ለዚህም ነው ቅድም የአባትን ዝምታ ያዘጋጀነው።

አምስተኛ ከፈለጋችሁ ሜትሩ የሌለበት ይሁን። ቤተሰቡ ሌላ አገር ገብቷል። ልጅቷ ክፍል ውስጥ በማስመሪያ ትለካለች፤ መልሷ ሁሌ በሰባት ያንሳል። አስተማሪው ሒሳብ አትችልም ብሎ ይደመድማል።

6. የተሰጣቸውንም ዕቃ አትርሱ

ጸሐፊዎች ከቤት የመጣውን ዕቃ ያከብራሉ፤ በመጠለያው የተገኘውን ይንቃሉ። የልጁ ዓለም ግን በአብዛኛው በተሰጡ ነገሮች የተሞላ ነው፦ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ በምዝገባ ቀን እጅ ላይ የሚታሰር አምባር።

የራሽን ካርድን ውሰዱ። ላዩ ላይ የቤተሰብ ብዛት ይጻፋል፤ ስድስት እንበል። ታላቅ ወንድም አንድ ሌሊት ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ካርዱ ግን አሁንም ስድስት ይላል። እናት ቁጥሩን ታስተካክል? ካስተካከለች ምግቡ ይቀንሳል። መሄዱንም በገዛ እጇ ማጽደቋ ነው። ካላስተካከለች ትዋሻለች። አንድ አኃዝ ቤቱን ለሁለት ከፈለው፤ ማንም ካርዱን ማቀፍ አላስፈለገውም።

ሌላው የተለበሰ ልብስ ነው። በልገሳ የመጣ ጃኬት አንገትጌው ውስጥ የሌላ ልጅ ስም ተጽፎበታል። አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ አንብቦት ጃኬቱን የለበሰችውን ልጅ በዚያ ስም ይጠራታል። ታርመዋለች ወይስ ዝም ትላለች? ዝም ካለች እስከ መቼ? ከዚህ አንድ ሙሉ አጭር ልብወለድ ይወጣል። የፈለገ ይውሰደው።

ወረቀትም እንዲሁ ነው። አዲሱን አገር ቋንቋ ቶሎ የሚለምደው ልጅ ነውና ከመንግሥት ቢሮ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እሱ እጅ ይገባል። ቀጠሮውን የሚያነበው፣ ውድቅ መደረጉን ለአባቱ የሚነግረው እሱ ነው። ፖስታው ገና ሳይከፈት ማን እጅ ላይ እንዳለ ብቻ ብታሳዩ የቤቱ ሥልጣን መዞሩ ይታያል።

7. የአደባባይ ምልክት ከሆነ ተጠንቀቁ

አንዳንድ ዕቃ ከእናንተ በፊት ታሪክ አለው። ቁልፍ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ በራቸውን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ወጡ። ቁልፉ ከወላጅ ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ወደ ቤት የመመለስ መብት ምልክትም ሆነ። በቤተልሔም በሚገኘው የአይዳ መጠለያ ጣቢያ መግቢያ ላይ ግዙፍ የቁልፍ ሐውልት ቆሟል። ስለዚህ ቁልፍ ስትጽፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይገባል። ቤተሰባችሁ ከዚያ ከሆነ የልጁን የግል ቁልፍ ከአደባባዩ ቁልፍ ለዩት። ጥርሱ ተጣሞ ማስቲካ ይፋቅበት፤ ልጁ ለፊኛ መብጫ ይጠቀምበት። ከሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ለምን እንዳስፈለጋችሁ ሁለቴ አስቡ።

የሕይወት አድን ጃኬትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ ከግሪኳ ሌዝቦስ ደሴት የተሰበሰቡ 14,000 ያህል ጃኬቶችን በርሊን ውስጥ በአንድ የኮንሰርት አዳራሽ ምሰሶዎች ላይ አሰረ። ከዚያ ወዲህ ብርቱካናማ ጃኬት የታየበት ገጽ ሁሉ ያን ምስል ይጎትታል። እናንተ ወደ ትንሹ ውረዱ። ጃኬቱ ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ የልጁ ጭንቅላት ውስጡ ጠፍቷል፤ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት ደግሞ የማያውቀው ሰው ነው።

8. ዕቃው የሚጠፋ ከሆነ

ዕቃው ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ጥያቄው ማን ወሰነ የሚለው ነው። ማዕበል ከወሰደው ማንም አልወሰነም፤ ታሪኩም ይላላል። አባት ለደላላ ክፍያ የእናትን ጌጥ ሳይነግራት ከሸጠ ግን በሚቀጥሉት ገጾች ሁሉ አንገቷ ባዶ ነው፤ አንባቢውም ያየዋል። ለማስለቀስ ብቻ ዕቃ አታጥፉ።

9. ስታርሙ

ረቂቁ ሲያልቅ ዕቃውን ከታሪኩ አውጥታችሁ አንብቡት። ምንም ካልተናጋ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ወይ ሥራ ስጡት ወይ ይሰናበት። ቀጥሎ «ያስታውሰዋል»፣ «ምልክት ነበር»፣ «እንደ ተስፋ» የሚሉትን ፈልጉና ሰርዙ። ያለ እነሱ ትዕይንቱ ካልቆመ የሚጠገነው ትዕይንቱ ነው። ከዚያ ተራ ሒሳብ ሥሩ። ዝናብ ሲዘንብ ዕቃው የት ነበር? ወንዙን ሲሻገሩ በየትኛው እጅ? ልጁ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ በእናቱ ተይዟል። ሁለት ዕቃ እኩል የሚያበሩ ከሆነም አንዱን አደብዝዙት።

10. ታሪኩ ከእውነተኛ ቤተሰብ የመጣ ከሆነ

ስም መቀየር አይበቃም። ልዩ የሆነ ዕቃ ከስም በላይ ሰው ያጋልጣል። ያን የተበጠሰ ሜትር የሚያውቅ ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም ቤተሰቡን ያሳደደ ሰው ታሪኩን ቢያነብ የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወላጆችን አስፈቅዱ። ልጁ የሚገባው ዕድሜ ላይ ከሆነ እሱንም ጠይቁት። ከዚያ ዕቃውን ለውጡ፤ ሥራውን ግን አቆዩት። ሜትሩ ሚዛን ሊሆን ይችላል። እናትየውም ልብስ ሰፊ መሆኗ ይቀርና ገበያ የምትመዝን ነጋዴ ትሁን። ከመንገድ ጀምሮ ሚዛኑ አንዱ ጎኑ ይክበድ። ከዚያ ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ትዕይንት እንደገና ጻፉ፤ በሳንቲ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ በግራም መተካት ይኖርባችኋል።